የከተማ ዘበኛ ቤት ሲያረጅ

ከተማ ባደገ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱና የዘበኛው ቤት ይጠቡታል። አሮጌው ይፍረስን ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የግንበኛና የአናጢ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲመረምሩት ሰው ለጎረቤቱ ያለበትን ግዴታ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

በቀድሞ ዘመን የከተማ በር ሸንጎም የዘበኛ ቤትም ነበረ። ቦዔዝ የሩትን ነገር በሽማግሌዎች ፊት የፈጸመው በቤተ ልሔም በር ተቀምጦ ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከፈጸመ በኋላ በረኞችን ሾመ፤ ቅጥር ያለ ትጉህ ሰው ድንጋይ ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

የሐረርም ነገር እንዲሁ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ አሠሩ፤ አምስቱም በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በገቡ ጊዜ ግንቡ አላገዳቸውም። በኋላም ከቅጥሩ ውጭ ወደ ምዕራብ አዲስ ከተማ ተዘረጋ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ወደዚያ ወጡ። ግንቡ ግን አልፈረሰም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጀጎል በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እንግዲህ ጥበቃው ወደ ሌላ ቤት ሄደ፤ ግንቡም ከሥራው ዐርፎ መታሰቢያ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቤትና ግዴታ ሁለት መሆናቸው ነው፤ ቤት ያረጃል፣ ግዴታ ግን አያረጅም።

ይህን ያልለዩ ሰዎች በሁለት መንገድ ይስታሉ። አንደኛው አሮጌውን ስለ ወደደ አዲሱን ይከለክላል። የጀጎል መንገዶች ጠባቦች ስለ ሆኑ የእሳት አደጋ መኪና በብዙዎቹ አይገባም፤ በአንዲት መበለት ቤት ሌሊት እሳት ቢነሣ የአባቶች ድንጋይ ክብር አያድናትም። ሁለተኛው ደግሞ አሮጌውን ሁሉ አፍርሶ ለሹም መታያ የሚሆን ታላቅ አዳራሽ ይሠራል፤ ይህም ክብርን መሻት እንጂ ሕዝብን መጠበቅ አይደለም።

ገንዘቡ ለድኻ ቢሰጥ አይሻልምን የሚል ይኖራል። ነገር ግን ባለጠጋ የራሱን ዘበኛ ይቀጥራል፤ ድኻ ከከተማው ዘበኛ በቀር ሌላ የለውም። ስለዚህ ለጠባብ መንገድ የሚስማማ ትንሽ መኪና፣ በየሰፈሩ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከበሮቹ አጠገብም የዘበኛ ማደሪያ ማዘጋጀት ራሱ ምጽዋት ነው። መታሰቢያ የያዘው አሮጌ ቤት ተጠግኖ ይቆይ፤ መታሰቢያ የሌለውና ሠራተኛውን የሚያስጨንቀው ግን ቢለወጥ በደል የለበትም።

የሆነ ሆኖ በመዝሙረ ዳዊት ስለ ከተማ ጠባቂ የተነገረውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል፤ አዲስ ግንብ ብቻውን ማንንም አይጠብቅም። የጥንቱ ዘበኛ ትጋት በሩን ማታ በመዝጋቱ ይታወቅ ነበር፤ የዛሬው ግን የተጨነቀ ሰው በሌሊት ሲጮኽ ፈጥኖ በመክፈቱ ይታወቃል።