በመንገድ ስለ መቆየትና ስለ ብቸኝነት ደስታ

ሰው ብቻውን ሲሆን ደስ ቢለው ነውር ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከጉባኤ ቤት አይደለም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ነው እንጂ። ኢየሩሳሌምን ተሳልሜ ወደ ጎጃም ስመለስ፥ አውሮፕላን ለመለወጥ በወረድሁበት በአንድ የባዕድ አገር ከተማ፥ ሦስት ሰዓት ትቆያላችሁ የተባልነው 14 ሰዓት ሆነ። ምክንያቱን የነገሩን በማላውቀው ቋንቋ ስለ ነበረ ለመረዳት ብዙ አልደከምሁም። ባጠገቤ የነበሩት መንገደኞች አዘኑ፤ አንዳንዶቹም ተቈጡ። እኔ ግን፥ እውነቱን ልናገርና፥ ደስ አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ደብረ ማርቆስን የምታውቃት ከሆንህ የደስታዬ ምክንያት አይሠወርህም። በእኛ አገር ጥምጥም ያሰረ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ እንኳ ለራሱ የሚሆንበት ጊዜ የለውም። አንዱ ለክርስትና፥ አንዱ ለተዝካር፥ አንዱ ለዕርቅ ይጠራዋል፤ ሌላው ደግሞ ልጄ ትምህርት አልያዝ አለኝና ምከርልኝ ይለዋል። ሌሊት ማሕሌት፥ ቀን ጉባኤ፥ ማታ ሽምግልና ነው። በዚያ አዳራሽ ግን እልፍ ሰው ሲተላለፍ እኔን የሚያውቅ አንድ ስንኳ አልነበረም። ስልኬም ኃይሉ አልቆ ዝም አለ።

ያን ጊዜ የተማሪነቴ ወራት ትዝ አለኝ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ በዲማም ሆነ በደብረ ኤልያስ በቅኔ ቤት ያለፈ ሁሉ የቆጠራን ሰዓት ያውቃታል። ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ መቃብር ቤት ጥግ ይሄድና ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ይቆጥራል። ሆዱ ባዶ ነው፤ ቁራሽ ሲለምን ውሻ የነከሰው እግሩም ያምመዋል። ነገር ግን ሰሙ ከወርቁ ጋር የገጠመለት እንደ ሆነ ከእርሱ የሚበልጥ ባለጸጋ በዓለም ያለ አይመስለውም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ ተማሪ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። የተርሚናሉ ጥሪ ቋንቋውን ስለማላውቀው እንደ ወንዝ ድምፅ ሆነልኝ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለ ሆነ ቀላል የሚመስለው ሰው ቆጥሮ አያውቅም፤ ያን ሌሊት ግን እርሱም፥ ዘአምላኪየውም፥ ሥላሴውም ሳይከብደኝ መጣልኝ።

መቆየት በእውነቱ ለመንገደኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞ ጎጃሜ ወደ ሸዋ ለመሻገር ሲነሣ ዐባይ በክረምት ሞልቶ ያገኘው እንደ ሆነ፥ ውኃው እስኪጎድል ከመቀመጥ በቀር ሌላ ብልሃት አልነበረውም። ዛሬ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው ድልድይ ስላለ፥ ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው ሰው ወንዙን ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት አባቶችም በበረሃና በባሕር ወራት ይፈጅባቸው ነበረ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳግላስ አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ወዲህ ግን የወራቱ መንገድ በሰዓት ወደ መቈጠር ደረሰ። ስለዚህ 14 ሰዓት ዘገየን ብለን ስንጮኽ አባቶቻችን ቢሰሙን ይስቁብን ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በቋንቋችን «ብቸኛ» ያልነው ሰው ያሳዝነናል፤ «ባሕታዊ» ያልነውን ግን እናከብረዋለን። ሁለቱም ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ባሕታዊው ሰዎችን የተወ፥ ብቸኛው ግን ሰዎች የተዉት መሆኑ ነው። በመንገድ የዘገየ ሰው ከሁለቱም አይቈጠርም። አልመነነም፥ አልተጣለምም። ታዲያ ደስታው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ የደበቅሁትን ልግለጥ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፥ አባታቸው በተወላቸው መሬት በተጣሉ በሁለት ወንድማማቾች መካከል በሽምግልና ለመቀመጥ ቀጠሮ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠን ነበር፤ ሦስት ጊዜም ከፊተኛው በከፋ ቃል ተለያይተዋል። አውሮፕላኑ ዘገየ ሲባል መጀመሪያ በልቤ የመጣው «እንግዲህ ቀጠሮው አለፈ» የሚል አሳብ ነበረ፤ ሰውነቴም ሸክም እንደ ወረደለት አህያ ቀለለው። ቅኔው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ እኩለ ሌሊት ግድም አንዲት የአገራችን ልጅ ጥምጥሜን አይታ መጣችና፥ «አባ፥ ይባርኩኝ» አለችኝ። ቅስና እንደሌለኝ ነግሬ እግዚአብሔር ይባርክሽ አልኋት። ሰባት ዓመት በሰው ቤት አገልግላ የምትመለስ ናት። እውነት ለመናገር፥ የቆጠርሁት ቅኔ እንዳይጠፋብኝ ሰግቼ ቶሎ ብትሄድልኝ ወድጄ ነበር። እርስዋ ግን ባጠገቤ ተቀመጠችና መቼ እንደምንነሣ ጠየቀችኝ።

«አይዞሽ ልጄ፥ ሌሊቱ ይነጋል» አልኋት።

«ቢነጋስ፥ አባ? እኔ ብዘገይ የሚደነግጥ የለም። እናቴ ዐርፋለች፤ ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም። ቦሌ ስደርስ በየት በር እንደምወጣ እጠይቃለሁ፤ ወደ ማን እንደምወጣ ግን ማንን ልጠይቅ?»

የተቀመጥንበት ወንበር አንድ ነው፤ የቆየንበትም ሰዓት አንድ ነው። እኔን ያሳረፈኝ ጸጥታ ግን እርስዋን ያስፈራት ነበር። ስለዚህ ብቸኝነቴን ያጣፈጠልኝ የሰው አለመኖር ነው ብዬ ያሰብሁት ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። እኔ የተደሰትሁት በሩቅ የሚጠብቁኝ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የቆጠራ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው በጫካው ደስ የሚለው ማታ ቅኔውን የሚነግረው መምህር ስላለው ነው። መምህሩ ሞቶ ጉባኤው ተበትኖ ቢሆን ያን ጫካ ማን ይወደዋል?

የበረሃ አባቶችስ ማን ጠበቃቸው የሚለኝ ይኖራል። አባ እንጦንስ ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ ከኖረ በኋላ ወደ ሰዎች ወጥቶ አስተምሯል፤ በስደቱም ዘመን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ሰማዕታትን አጽናንቷል። በዓቱን ሳይለቅ የኖረውም ቢሆን የሚጠብቀው አምላክ እንዳለው ያምን ነበርና ራሱን የተጣለ አድርጎ አልቈጠረም። እኔ ግን የሚጠብቁኝን ሰዎች ፍለጋቸውን እንደ ሸክም፥ መጠበቃቸውን እንደ መብት ይዤ ነበር። ዕዳውን ጠልቼ ጥቅሙን መብላቴ ነው፤ ከደስታዬ ውስጥ ነውር የምለው ይህን እንጂ ማረፌን አይደለም።

ልጅቱ እስኪነጋ አወራችኝ። ከቆጠርሁት ቅኔ ዛሬ አንድ ቃል አላስታውስም። ቦሌ ስንደርስ ሊቀበለኝ የመጣው የእኅቴ ልጅ እርስዋንም ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ አራት ቀን ቆይታ፥ ወንድሟ ያለበትን ጠይቃ ካገኘች በኋላ ሄደች።

እኔም ደብረ ማርቆስ ገብቼ ወንድማማቾቹን ታርቀው አገኘኋቸው። ቢጠብቁኝ ብቀርባቸው፥ አሮጊት አክስታቸው አስቀምጣ በአንድ ከሰዓት ጨርሳዋለች። ታላቁ ሊጠይቀኝ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ሳናስቸግርዎ ቀረ» አለኝ። እሰየው አልሁት፤ በልቤ ግን ቅር አለኝ። ያን ዕለት ማታ በቤቴ ብቻዬን ተቀመጥሁ፤ የጠራኝም ሰው አልነበረም፤ ሌሊቱም ረዘመብኝ።