ለሚያድግ ልጅ ማደሪያ ስለ ማዘጋጀት

በሕፃንነቱ ከእናቱ ጎን በመደብ ላይ ይተኛ የነበረ ልጅ 12 ዓመት ሲቀርበው ለብቻው የሚያድርበትን ስፍራ ይሻል። በዚያን ጊዜ ወላጆች ጓዳውን ይከፍላሉ፤ ግድግዳውን ይመርጋሉ፤ መኝታውንም ይለውጣሉ። ነገሩ የቤት እድሳት ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አለበት። ይኸውም፦ ልጅ የወላጁ ገንዘብ ነውን፣ ወይስ ከእግዚአብሔር የተቀበለው አደራ? የሚል ነው። ገንዘብ ከሆነ እንደ ወደድን እናኖረዋለን፤ አደራ ከሆነ ግን ለምን እንደ ተሰጠን አስቀድመን ልናስብ ይገባናል።

ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ልጅ ያድጋልና የአምናው ልክ ለዘንድሮ እንደማይበቃ እናቱ ታውቅ ነበር። እንዲሁም ሱነማዪቱ ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ታናሽ ቤት ባሰናዳች ጊዜ በውስጡ ያኖረችው አልጋ፣ ገበታ፣ ወንበርና መብራት ነበረ። ያሰበችው ስለ ቤቱ ጌጥ ሳይሆን በውስጡ ለሚያድረው ሰው ስለሚያስፈልገው ነገር ነው።

በአገራችን በጎጃም የቅኔ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በመምህሩ ደጅ ጎጆውን በገዛ እጁ ይቀልስ ነበር። ዛሬም በገጠር ያለ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሲወርድ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከአገር ቤት እያመላለሰ ይኖራል። እንግዲህ በ12 ዓመቱ መብራቱን የት እንደሚያኖር እንኳ ያልተጠየቀ ልጅ፣ በ15 ዓመቱ በኪራይ ቤት ራሱን እንዴት ያስተዳድራል?

ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ቡሬ ባለው ቤታችን ልጃችን 12 ዓመት ሊሞላት ሲቀርብ ክፍሏን ልናድስላት ተነሣን። ፊደል ስትቆጥር በከሰል የጻፈችውን፣ በየዓመቱም በፋሲካ ቁመቷን የለካንበትን ምልክት ሁሉ፣ እርስዋ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ በአዲስ ምርጊት ሸፈንነው። ደስ ይላታል ብለን ጠበቅን። እርስዋ ግን በበሩ ቆማ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና፦ «አባባ፣ ቁመቴ የት ሄደ?» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቀን፣ የቀረውን እርስዋ እንድትመርጥ ነገርናት። የእመቤታችንን ሥዕል ስትነቃ በምታየው ስፍራ ሰቀለች፤ መጻሕፍቷን ከመስኮቱ አጠገብ አኖረች። እኛ ልናፈርሰው ያሰብነውን አሮጌውን መደብ ግን፦ «አያቴ ለበዓል ስትመጣ የት ታርፋለች?» ብላ እንዳናፈርሰው ለመነችን። ልጅ ናት ብለን ሳንጠይቃት ብንቀር ኖሮ፣ እኛ የረሳነውን እንግዳ የመቀበል ሥርዓት እርስዋ እንዳልረሳችው ባላወቅንም ነበር።

ምናልባት፦ ለልጅ ሥልጣን መስጠት ማባለግ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በሩን ዘግቶ በስልክ ሌሊቱን የሚያነጋ፣ ከማዕድና ከማኅበር ጸሎት የሚለይ ልጅ ክፍል ቢያገኝም ቤተ ሰቡን አጥቷል። ስለዚህ የሚሰጠው ስፍራ ከነግዴታው ይሁን፤ ራሱ ይጥረገው፣ መኝታውን ራሱ ያንጥፍ፣ ወላጅ ሲጠራው ይውጣ። ወላጅም በበኩሉ ሳያንኳኳ አይግባ። ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፣ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አስጠንቅቋል፤ ትእዛዙ ለሁለቱም ወገን ነው። ለዚህም ብዙ ወጪ አያሻም፤ ጭቃና ጭድ ያለው፣ ልጁንም ለመጠየቅ የሚታገሥ ሰው ሊፈጽመው ይችላል።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተገኘ፤ በአባቱ ቤት ሊሆን እንደሚገባውም ለእናቱ ነገራት፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። የራስ ስፍራ ማግኘትና መታዘዝ እንደማይጣሉ ከዚህ እንማራለን። እመቤታችንም ያልገባትን ነገር አልገሠጸችውም፤ በልቧ ጠበቀችው እንጂ። እኛም በልጆቻችን ዘንድ ያልገባንን ነገር በምርጊት ከመሸፈን ይልቅ በልባችን እንድንጠብቅ አምላካችን ማስተዋሉን ይስጠን፤ አሜን።