«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ

በኮምፒውተር ኔትወርክ ሙያ የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ወጣት የያዘው ወረቀት ኔትወርክ በደኅናው ቀን እንዴት እንደሚሠራ ማወቁን ይመሰክርለታል፤ አሠሪ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ይበልጡን ኔትወርኩ ለሚታመምበት ቀን ነው። በአገር ቤት ባንክ መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያውቀዋል፤ ለተሰላፊው ይህ ቃል የጉዳዩ ማብቂያ ሲሆን ወደ ቤት ከመመለስ በቀር ምርጫ አይተውለትም፣ ለኔትወርክ ባለሙያ ግን የሥራ ቀኑ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በኮሎራዶ ባሉት በግሌንዴል፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች ከሥራ ፈረቃ በተረፈ ሰዓት አጥንተው ፈተናውን ያለፉ ወጣቶች «ከእንግዲህስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሊሰጣቸው የሚገባው ምክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው።

በሰፊው የሚታወቀው የመነሻ ፈተና ሲሲኤንኤ ይባላል። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ኩባንያ ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2020 ልዩ ልዩ ዘርፎቹ ወደ አንድ ፈተና ተጠቃለዋል፤ ተፈታኙም 300 ዶላር ከፍሎ 120 ደቂቃ ይፈተናል። ከዚህ ሁሉ ወጣቱ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሰርተፊኬቱ ጸንቶ የሚቆየው ለ3 ዓመት ብቻ መሆኑን ነው። ብዙዎች ይህን ቀን የሚያስታውሱት ሲቃረብ ነው፤ በመካከሉ ኡበር እየነዱ ወይም በኤርፖርት እየሠሩ «ጥሩ ሥራ እስኪገኝ» ብለው ይቆያሉ፤ የተጠናው ትምህርት ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ይሞታል፤ ራውተር ለተባለው መንገድ መሪ መሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ በእጅ ካልተሠራበት ስድስት ወር እንኳ በአእምሮ አይቆይምና። ስለዚህ 3 ዓመቱን እንደ ዕረፍት ሳይሆን ተበድረው እንደ ወሰዱት ገንዘብ መቁጠር ይሻላል።

ግሌንዴል ዙሪያዋን በዴንቨር የተከበበች፣ ስፋቷ አንድ ካሬ ማይል የማይሞላ፣ ግን የራሷ ከንቲባና የራሷ ፖሊስ ያላት፣ በካውንቲም ረገድ ከዴንቨር ሳይሆን ከአራፓሆ የምትቆጠር ከተማ ናት። ሰብኔት ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚቸገር ጀማሪ ይህችን ከተማ ቢያስብ ይቀለዋል፤ ሰብኔት በትልቅ ኔትወርክ ውስጥ የራሱ የአድራሻ ወሰን ተሰጥቶት ለብቻው የሚተዳደር ክፍል ነው፤ በውስጡ ያሉት እርስ በርስ በቀጥታ ይነጋገራሉ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት ግን በራውተር በኩል ማለፍ አለበት። ነገሩ ማስተማሪያ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የካውንቲው ወሰን ወጣቱ ለሥልጠና ድጋፍ የሚያመለክትበትን ቢሮ ጭምር ይወስናል፤ የግሌንዴል ነዋሪ ራሱን ዴንቨር እንደሚኖር ቢቆጥርም የአካባቢው የሥራ ማገናኛ ቢሮ አራፓሆ ዳግላስ ወርክስ የተባለው ነው፤ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች በ2014 በወጣው የፌዴራል የሰው ኃይል ሕግ መሠረት መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው የሥልጠና ወጪ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

አካባቢው ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም። በአውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን በነርስነት፣ በጽዳትና በሕመምተኛ ረዳትነት የሚሠሩበት የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ስሙን ያገኘው ከፊሊፕ አንሹትዝ ነው፤ ይህ ባለሀብት የባቡር ኩባንያ ገዝቶ በሐዲዱ ዳር ዳር የፋይበር ገመድ፣ ማለትም መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ሽቦ፣ ያስቀበረ ሲሆን፣ ከዚያ ሥራ የተወለደው ክዌስት የተባለ የስልክ ኩባንያ መቀመጫው ዴንቨር ነበር። ለኬብል ኢንተርኔት የጋራ ደንብ ያወጣው ኬብል ላብስም ከዴንቨር ብዙም በማይርቀው ሉዊቪል ይገኛል። በመሐል ዴንቨር በ15ኛው ጎዳና ቁጥር 910 ባለው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ብዙ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገመዳቸውን አምጥተው እርስ በርስ ያገናኛሉ፤ መንገደኛ ከውጭ ሲያየው ግን እንደ ማንኛውም ቢሮ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ የተለመደው ስሕተት በማዕረግ ስም መምረጥ ነው። «ኔትወርክ ኢንጂነር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚጠብቅ ጀማሪ ዓመቱን በመጠበቅ ይጨርሳል፤ ማስታወቂያው የሚጠይቀውን የአምስት ዓመት ልምድ ከየት ያመጣል? መመዘኛው ሥራው ከመሣሪያውና ከብልሽቱ ምን ያህል ይቀርባል የሚለው ቢሆን ይሻላል። በዚህ መመዘኛ ሲታይ በጣሪያ ውስጥ ኬብል የሚዘረጋ ሠራተኛ፣ ልብሱ አቧራ ቢለብስም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃል ብቻ ከሚቀይር የሄልፕ ዴስክ ሠራተኛ ይልቅ ለሙያው ሊቀርብ ይችላል፤ ሄልፕ ዴስክ፣ ማለትም የተጠቃሚዎች ችግር በስልክ የሚቀርብበት ክፍል፣ ግን በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ከሆነ ያው አንድ ሰው ስዊቹንም፣ ማለትም በአንድ ሕንፃ ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ስለሚነካ ነገሩ ይገለበጣል። የብዙ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶችን ኔትወርክ በኮንትራት የሚጠብቁ፣ በአሕጽሮት ኤምኤስፒ የሚባሉ ድርጅቶች ሥራቸው ጥድፊያ የበዛበት ነው፤ አንድ ጀማሪ ግን ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ነገ የሕግ ቢሮ፣ ከነገ ወዲያ መጋዘን ስለሚያይ በአንድ ዓመት የሚያጋጥመው ብልሽት በትልቅ ኩባንያ ውስጥ በሦስት ዓመት አያጋጥምም። በዳታ ሴንተር፣ ማለትም ሰርቨሮች በረድፍ ቆመው በማያቋርጥ መብራትና ማቀዝቀዣ በሚጠበቁበት ሕንፃ፣ የሚሠራ ጀማሪ ደግሞ በሩቅ ያለ ኢንጂነር «ያን ገመድ ንቀል፣ ይህን ሰካ» ሲለው እጅ ሆኖ ያገለግላል፤ ለምን እንደ ታዘዘ ካልጠየቀ ግን እጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉም ለእኛ ማኅበረሰብ የሚመቸው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኖክ፣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኖክ ሌሊትና ቀን፣ በዓል ሳይል፣ የኔትወርኩን ጤንነት በሰሌዳ ላይ እየተመለከተ የሚያድር ክፍል ሲሆን፣ የሌሊቱን ፈረቃ የሚፈልግ ሰው ስለማይበዛ ለጀማሪ በሩ ከቀኑ ይልቅ በሌሊቱ ይከፈታል። በኤርፖርትና በታክሲ ሌሊቱን መሥራት የለመደ ሰው ይህን እንደ ችግር አያየውም፤ ኔትወርክን የመለወጥ ሥራ የሚከናወነውም ተጠቃሚ በሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ፣ የሌሊቱ ጀማሪ አንጋፋዎቹ ሲሠሩ የማየት ዕድል አለው።

ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ጀማሪ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ዋነኛው አንድ ነው፤ «አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት የለኝም ብሎ ደወለ፤ ከየት ትጀምራለህ?» የሚል። ጠያቂው ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የሐሳቡን ቅደም ተከተል ይመዝናል። ፈተናውን በቃል የያዘ ሰው ያወቀውን ቃል ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፋል፤ የሠራበት ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ያንተ ብቻ ነው ወይስ የጎረቤትህም? ከመቼ ጀምሮ? ትናንት የተለወጠ ነገር አለ? ከዚያም ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ገመዱ ተሰክቷል ወይ፣ የስዊቹ መብራትስ ይበራል ወይ? መብራቱ ካለ ኮምፒውተሩ አድራሻ አግኝቷል ወይ? አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት፣ ማለትም ዲኤችሲፒን፣ ፈልጎ አጥቶ ለራሱ አድራሻ የሰጠ ነውና ምርመራው ወደዚያ ይዞራል። አድራሻው ደኅና ከሆነ ወደ ጌትዌይ፣ የሰብኔቱ መውጫ በር ወደ ሆነው ራውተር፣ መልእክት ይደርሳል ወይ? በሩን አልፎ በቁጥር አድራሻ ከሩቅ ኮምፒውተር መልስ ከመጣ፣ በስም ሲጠራ ግን ካልመጣ፣ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ መናገር የሚለመደው በልምምድ ስለሆነ፣ ጀማሪው ፓኬት ትሬሰር በተባለው የሲስኮ ነፃ ማለማመጃ ኔትወርክ እየሠራ፣ ከዚያም ጓደኛው ሳያየው አንድ ነገር እንዲያበላሽበት እያደረገ ቢፈልግ፣ አዲስ ኔትወርክ አሥር ጊዜ ከመሥራት የበለጠ ይማራል። ያገኘውንም በእንግሊዝኛ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ምን ታየ፣ ምን ነበር፣ ምን ተደረገ ብሎ መጻፍ ይልመድ፤ ቲኬት የሚባለው የብልሽት መዝገብ የሚጻፈው በዚህ መልክ ነውና፤ በአነጋገሩ ዘዬ የሚሳቀቅ ወጣትም ጥሩ ቲኬት ሲጽፍ ዘዬው ይረሳለታል።

ከአገር ቤት በቴሌ ሠርተው የመጡ ደግሞ ልዩ ጉዳይ አላቸው። የኢትዮጵያ የቴሌኮም ማስፋፊያ ከ2006 ጀምሮ በዜድቲኢ፣ ኋላም በሁዋዌ ጭምር የተሠራ በመሆኑ ብዙዎቹ እጃቸውን የፈቱት በእነዚህ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ደግሞ በ2020 ሁለቱንም ኩባንያዎች የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋት ብሎ ሰይሟቸዋል። ይህን ሰምቶ የአሥር ዓመት ልምዱን ከሥራ ታሪኩ የሚሰርዝ ሰው ራሱን ይበድላል። ኦኤስፒኤፍም ሆነ ቢጂፒ፣ ራውተሮች መንገድ የሚጠቋቆሙባቸው ደንቦች፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደሉም፤ በሁዋዌ «ዲስፕሌይ» ተብሎ የሚታዘዘው በሲስኮ «ሾው» ተብሎ ይታዘዛል፣ የሚታየው ሰንጠረዥ ግን ያው ነው። በሥራ ታሪኩ ላይ የመሣሪያውን ስም ሳይሆን የተጠበቀውን ኔትወርክ ስፋትና የተፈታውን ችግር ማስቀደም ይበጃል። ችግር ፈልጎ የማግኘት ሙያ ከመሣሪያው ስም የቀደመ ነው፤ ኢትዮጵያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የዘረጋች አገር ስትሆን፣ ያን ሽቦ በበረሃ እየተከተሉ የሚጠግኑት ሠራተኞችም ብልሽቱን የሚፈልጉት መስመሩን እየከፋፈሉ ነበር ብሎ መገመት አያስቸግርም፤ ሌላ መንገድ የለውምና።

በሁለት ነገር ላይ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው የተሰረቀ የፈተና ጥያቄ፣ በተፈታኞች አነጋገር ዳምፕ፣ ሸምድዶ ማለፍና ያልሠሩትን ልምድ ሠርቻለሁ ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ኃጢአት ከመሆኑ በፊት ሞኝነት ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ያጋልጠዋል፣ ቢያመልጥም የመጀመሪያው ሌሊት ያጋልጠዋል፤ የተረፈው ጉዳት ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ ለሚመጣው አበሻ ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ በትሕትና ያደገ ልጅ ለብቻው የሠራውን «ሠራን» ይላል፣ የማያውቀውን ሲጠየቅም ይሉኝታ ይዞት ይንተባተባል። ጠያቂው «ሠራን» ሲባል ሌላ ሰው እንደ ሠራው ይረዳል፤ «ይህን አላውቅም፣ የማጣራው ግን በዚህ መንገድ ነው» የሚል መልስ ግን በዚህ ሙያ እንደ ድክመት አይቆጠርም።

ሌላው በአጭሩ የሚነገር ነው። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ የደመወዙን ወሰን እንዲገልጽ በሕግ ስለምታስገድድ፣ ጀማሪው «የፈለጋችሁትን ክፈሉኝ» ሳይል ወሰኑን አንብቦ ይነጋገር። ሥራ ሳይይዙ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰርተፊኬት መደራረብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚህ የሚለየው ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለው የደኅንነት ፈተና ነው፤ በአውሮራ እንዳለው የበክሊ የጠፈር ኃይል ጦር ሰፈር ባሉ ቦታዎች ለሚሠራ የመከላከያ ሥራ ከሚፈለጉት አንዱ ነውና። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን ፈቃዱም በአብዛኛው ዜግነት ስለሚሻ፣ በዲቪ የመጣ ሰው ዜግነቱ ሲቃረብ ቢያስብበት ይበቃል።

ሥራው ከተገኘ በኋላ የሚያስፈራው ሌሊት ይመጣል፤ ጀማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩቅ ከተማ ያለ ራውተር ቅንብር እንዲለውጥ የሚታዘዝበት ሌሊት ነው። አንድ የተሳሳተ መስመር ቢጽፍ ራሱ የገባበትን መንገድ ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው በር ዘግቶ እንደ ተኛ ሰው ነው፣ የሚከፍተው በመኪና የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። አንጋፋዎቹ ለዚህ የሚያደርጉት ነገር አለ። ለውጡን ከመጀመራቸው በፊት የነበረውን ቅንብር ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም ራውተሩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ያዙታል። ስሕተት ሠርተው ውጭ ቢቀሩ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ አዲሱ ቅንብር ገና ስላልተቀመጠ ራውተሩ የቀድሞውን ይዞ ይነሣል፣ በሩም ይከፈታል። ለውጡ ከተሳካ ግን አሥሩ ደቂቃ ሳይሞላ የመነሣቱን ትእዛዝ ይሰርዛሉ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለ ሰው መሥራቱን እስኪያረጋግጥላቸው ይጠብቃሉ፣ አዲሱን ቅንብር የሚያስቀምጡትም ከዚያ በኋላ ነው።