ልጆችን ስለ ማስተማር አኳኋን

 

በጋምቤላ ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ ነጋዴዎች፣ አባቶችና እናቶች ሆይ! ዛሬ የምንነግራችሁ ልጆቻችሁን እንድታስተምሩ አይደለም፤ ይህንንስ ታውቃላችሁ፣ ታደርጉትማላችሁ። ልጁ ጧት ደብተሩን ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላም ሉሑን ይዞ ወደ ቁርአን ቤት ሲሄድ እናያለን። የምንነግራችሁ ስለ ማስተማር አኳኋን ነው። ወደ ትምህርት የሚገባ ልጅ ብዙ ነው፤ ትምህርት ወደ ልቡ የሚገባለት ግን ጥቂቱ ነውና። ዐሥር ዓመት ተምሮ አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ የሚጨነቅ፣ ሱራ ሲቀራ አንደበቱ የሚፈጥን፣ ትርጉሙን ሲጠይቁት ግን ዝም የሚል ወጣት በየቤታችን አለ። ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ «ልጁ ደነዝ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የአሰጣጡ ነው።

ነገሩን በከተማችሁ ታሪክ እናስረዳችሁ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀዱ። ጋምቤላም በዚህ ምክንያት ወደብ ሆነች። ከካርቱም ተነሥቶ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጨውና ጨርቅ ያራግፍ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭን ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ያ የመርከብ ንግድም ዛሬ ቀርቷል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ነጋዴ አጥብቆ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበረ። አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ይህ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ትልቁን መርከብ ይሸከማል፤ በበጋ ሲጎድል ግን ያንኑ መርከብ ሊሸከም አይችልም። እንግዲህ ውኃው ሳይሞላ የተጫነ መርከብ አሸዋ ላይ ቢቀመጥ፣ «ይህ ሰነፍ ወንዝ!» ብሎ ወንዙን የሚወቅስ ሰው ይኖራልን? በልጆቻችን ላይ ግን ዕለት ዕለት የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ከታላላቆቹ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢብን ኸልዱን (እ.ኤ.አ. በ1332 በቱኒስ ተወልደው በ1406 በካይሮ የሞቱ) በ«ሙቀዲማ» መጽሐፋቸው ውስጥ ስለዚህ ነገር በሰፊው ጽፈዋል። እርሳቸው እንደሚሉት ትምህርት የሚጠቅመው ቀስ በቀስ፣ በሦስት ዙር ሲሰጥ ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ዙር የእያንዳንዱን ምዕራፍ ዋና ዋና ነገር በአጭሩ ያሳያል፤ በሁለተኛው ተመልሶ ማብራሪያውንና የሊቃውንቱን ልዩነት ይጨምራል፤ በሦስተኛውም የተቋጠረውን ሁሉ ይፈታል። በዘመናቸው የነበሩ ብዙ መምህራን ግን አስቸጋሪውን ነገር በመጀመሪያው ቀን በተማሪው ፊት ይዘረግፉ ነበር። ተማሪውም አእምሮው ይደክምና ዕውቀቱ ራሱ የማይደረስበት መስሎት ይሸሻል። ይህ ከተጻፈ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ወደ አንዳንድ ክፍል ብትገቡ ያንኑ ታገኙታላችሁ።

በጋምቤላ ደግሞ ሌላ ጭነት ይታከላል፤ እርሱም የቋንቋ ጭነት ነው። የእናንተ ልጅ በቤት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል፤ በሜዳ ከጓደኞቹ ጋር በአኙዋ ወይም በኑዌር ቋንቋ ይጫወታል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል፤ በቁርአን ቤት ዐረብኛ። አንዳንድ አባቶች ይህን አይተው «ልጄ ተደናገረብኝ» ሲሉ እንሰማለን። ብዙ ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው፤ የሚያደናግረው ባልገባው ቋንቋ አዲስ ነገር እንዲያውቅ ሲገደድ ነው። አዲሱ ነገር በሚያውቀው አንደበት ይነገረው፤ አዲሱም ቋንቋ በሚያውቀው ነገር ላይ ተመሥርቶ ይሰጠው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገው፣ በክልላችሁም የአኙዋ፣ የኑዌርና የመዠንገር ቋንቋዎች በታችኞቹ ክፍሎች መማሪያ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህም ለእስላሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች አላችሁ። በወሎ የነበሩት ሸኾች ኪታቡን በዐረብኛ እያነበቡ ትርጉሙን በአማርኛ ያወርዱ ነበር፤ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ኪታብ ያልቀራውን ባላገር ደግሞ በመንዙማ አስተምረውታል። በሐረርጌም ሸኽ በክሪ ሳጳሎ፣ ሕዝባቸው በገዛ አንደበቱ ይማር ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል እስከ መፍጠር ደርሰዋል። እንግዲህ በጋምቤላ ያለ የቁርአን መምህር ልጁ ያነበበውን ሱራ ሐሳብ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር ቢነግረው ከቅራቱ ምን ይጎድላል? እኛ ምንም አይጎድልም እንላለን። ቃሉን በልብ መያዝ ታላቅ ክብር ነው፤ ትርጉም ሲጨመርበት ደግሞ ይጸናል።

አሁን ስለ መርሳት እንናገር፤ አባቶች የሚደክሙበት ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ የሚፈስሰው በዚህ ቀዳዳ ነውና። ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን በልቡ ይይዛል፤ ለሸኹ ያሰማል፤ ሉሑም ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ከአንድ ወር በኋላ ግን የታጠበው ሉሑ ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል። ይህ የሚሆነው ትምህርቱ ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድና ወደ ኋላ ስለማይመለስ ነው። ከ800 ዓመት ያህል በፊት የነበሩት ቡርሃኑዲን አዝ-ዘርኑጂ ስለ ተማሪ አኳኋን በጻፉት ኪታብ ለዚህ ሥርዓት አውጥተዋል። ተማሪው የትናንቱን ትምህርት አምስት ጊዜ፣ የትናንት በስቲያውን አራት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ሦስት፣ ከዚያም በፊት ያለውን ሁለት፣ የቀረውን አንድ ጊዜ ይድገም ይላሉ። የጀማሪም ትምህርት ሁለት ጊዜ ደግሞት ሊይዘው በሚችለው መጠን ይሁን፤ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመርለት ይላሉ።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ ይህን ነገር በቁጥር መረመረው። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በተራ እየያዘ፣ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ እየለካ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ያገኘውም ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን፣ በልዩ ልዩ ቀን የተከፋፈለ ድግግሞሽም በአንድ ጊዜ ከተከመረው እንደሚበልጥ ነው። እንግዲህ የትናንቱ ትምህርት አምስት ጊዜ፣ የቆየው ደግሞ እየቀነሰ ይደገም የተባለው በከንቱ እንዳልነበረ አስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ጽሑፍ ሰጥተው፣ ከፊሎቹ ደጋግመው እንዲያነብቡ፣ ከፊሎቹ ግን ጽሑፉን ከድነው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተጠየቁ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከድነው ያስታወሱት በለጡ። ስለዚህ ደረሳው ሉሑን ገልብጦ ለሸኹ ማሰማቱ መፈተኛ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ማስተማሪያ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተርም እንዲሁ ተከድኖ ሊነገር ይገባዋል። ልጁ ደብተሩን አሥር ጊዜ ስላገላበጠ አጠና አትበሉ።

እናንተ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። የዱቤ መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍት ነጋዴ ግማሹን ባለዕዳ አያገኘውም፤ በየሳምንቱ የሚያየው ግን ገንዘቡን ይሰበስባል።

ስለ ዱላ ደግሞ የምንለው አለን፤ ይህም የሚከብዳቸው አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። «ግረፈው፣ ብቻ ይማር» እያሉ ልጃቸውን ለመምህሩ የሚያስረክቡ አሉ። ኢብን ኸልዱን በጭካኔ የሚያድግ ልጅ ቅጣቱን ለማምለጥ ሲል ውሸትንና ማታለልን ይለምዳል፣ ልቡ ይጠብባል፣ ትጋቱም ይጠፋል ብለው አስጠንቅቀዋል። ከእርሳቸው በፊት በቀይረዋን የነበሩት ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን (በ256 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ) ስለ መምህራን ሥነ ሥርዓት በጻፉት ኪታብ ለቅጣቱ ወሰን አድርገውለታል፤ ከሦስት ምት እንዳያልፍ ከልክለዋል፤ መምህሩም ልጆቹን ለራሱ ጉዳይ እንዳይልካቸው አዝዘዋል። የዛሬ አንባቢ ሦስቱንም ምት ይተው ዘንድ እንመክራለን፤ በፍርሃት የተያዘ ልብ ከትምህርቱ ይልቅ የመምህሩን እጅ ይጠብቃልና።

የነቢዩንም (ሰ.ዐ.ወ.) አኳኋን ተመልከቱ። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም የተባለ ባልደረባ ሥርዓቱን ባለማወቅ በሶላት መካከል ተናገረ፤ ሰዎቹም በዓይናቸው ቆጡት። ነቢዩ ግን ሶላቱን በጨረሱ ጊዜ አልተቆጡትም፣ አልመቱትም፣ አልሰደቡትም፤ በሶላት ውስጥ የሚገባውንና የማይገባውን ለይተው ነገሩት። ሰውየው ከእርሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላየሁም ሲል መስክሯል። እንግዲህ ያ ሰው ትምህርቱን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ያልረሳው ለምን ይመስላችኋል?

ወደ ሱቃችሁ እንመለስ። ሱቅ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ልጁን ለዕቃ ማንሻና ለጥበቃ ብቻ ይጠሩታል። ሚዛኑን እርሱ ይያዝ፤ መልሱን እርሱ ይቁጠር፤ የቀኑን ሽያጭ ጽፎ ይደምር። በዓመቱም መጨረሻ የዘካውን ሒሳብ ለእርሱ ስጡት። አራት ሚሊዮን ብር ዓመት የሞላው የንግድ ገንዘብ ቢኖር ከአርባ አንዱ ስንት ነው? 100,000 ብር ብሎ በመለሰ ጊዜ ማካፈልንና ሃይማኖቱን በአንድ ትምህርት ተማረ ማለት ነው። የሴቪሉ ቃዲ አቡ በክር ኢብኑል ዐረቢ (ሱፊው ኢብን ዐረቢ አይደሉም) ልጅ ቋንቋንና ሒሳብን አስቀድሞ ይማር፣ ቁርአንንም ኋላ ሲገባው ይቅራ ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢብን ኸልዱን ሐሳቡን አመስግነው፣ ልማድ ግን አይቀበለውም አሉ፤ አንዱም ምክንያታቸው ልጁ ትምህርቱን በመካከል ቢያቋርጥ ቁርአንን ሳያገኝ ይቀራል የሚል ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት ለእናንተ ተነግሯል፤ ገበያ ሲደራ ልጁን ከክፍል አውጥቶ ከሚዛን ጋር የሚያስቀረው ነጋዴ ነውና። ሱቁ ለትምህርቱ ማሟያ ይሁን እንጂ ትምህርቱን አይብላው።

ሴት ልጆችንም አትርሱ። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የምእመናን እናት ለሆነችው ለሐፍሷ ጽሕፈት እንዳስተማረች ተዘግቧል፤ የዓኢሻም መምህርነት የታወቀ ነው።

ስለ መምህሩ ዋጋ ጥቂት እንጨምር። በበድር ጦርነት (በ2 ዓመተ ሂጅራ) ከተማረኩት መካከል ገንዘብ ያልነበራቸው ግን ጽሕፈት የሚያውቁ ነበሩ። የእነዚያ ቤዛ ለእያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት ማስተማር እንዲሆን ተደረገ። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ዐሥር ልጆችን ማስተማር የአንድን ሰው ነፃነት ያህል መመዘኑ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ዕቃችሁን ለሚያወርደው ወዛደር የቀን ዋጋውን በዕለቱ ስትከፍሉ፣ የቁርአኑን መምህር ግን በየወሩ መጨረሻ ደጅ የምታስጠኑት በምን ፍርድ ነው? ሁለተኛው፣ እነዚያ መምህራን እስላሞች አልነበሩም። እናንተም በክልሉ በቁጥር ጥቂቶች ናችሁ፤ ልጆቻችሁን ፊደልና ሒሳብ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። ልጁ በቤት ውስጥ ስለ መምህሩ ክፉ ቃል ከሰማ በማግሥቱ ከአፉ የሚወጣውን አይቀበልም፤ ይህንንም ማንም መምህር ሊጠግነው አይችልም።

ክፍሉ ሞልቶ መምህሩ አንድ የሆነ እንደ ሆነ፣ የቀደሙት ሸኾች ያደርጉት የነበረውን አድርጉ፤ ከፍ ያለው ደረሳ ታናሹን ያስቀራ። ታናሹ መምህር ያገኛል፤ ታላቁም የሚያስተምረው ነገር ይጸናለታል።

በቤታችሁም ሐሙስ ማታ ከኢሻ በኋላ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። «ስንት ጁዝእ ደረስክ? ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ፣ «በዚህ ሳምንት የተማርኸውን ሉሑንና ደብተሩን ሳታይ ንገረኝ» በሉት። እናቲቱ ማንበብ የማትችል ከሆነች ለዚህ ሥራ እርሷ ትሻላለች፤ ልጁ ለእርሷ ለማስረዳት ነገሩን በገዛ ቃሉ ማቅለል ይኖርበታልና። «አልገባኝም፣ ደግመህ ንገረኝ» ትበለው፤ እርሱም በሌላ መንገድ ይሞክር። ሊያስረዳት ያልቻለውንም ቦታ በወረቀት ጽፎ ቅዳሜ ለሸኹ፣ ሰኞ ለክፍሉ መምህር ይዞ ይሂድ።