ዱር ቤቴ የሚለው ማን ነው?

ሰው ከአውሬ ጋር አብሮ መኖር ይችላልን? ጥያቄው በየዘመኑ ሲነሣና ሲጣል የኖረ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ግን ከአንበሳና ከነብር፣ ከጅብና ከአዞ ጋር ተያይዞ ስለሆነ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስላል፤ አንዱ በሊታ፣ ሌላው ተበሊታ ነውና። ነገሩ በእውነት የሚከብደው አውሬው ሰውን የማይጎዳ፣ ዐይኑ የሚያሳሳ፣ ይሁንና የሰውን ጎመንና ባቄላ የሚበላ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው አውሬ ድኩላ ነው።

ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደቡብ አቸፈር፣ ዱርቤቴ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ቃል በቃል ለሚያነብ ሰው «ዱር ቤቴ» ትላለች። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ተናጋሪዎች ሊሰሙን ይችላሉ። አንደኛው ጫካውን መንጥሮ፣ ጎጆውን ቀልሶ፣ ምድጃውን ጎልቶ «ቤቴ» ያለው ሰው ነው። ሁለተኛው እዚያው ጥሻ ውስጥ ተወልዶ ሌላ ቤት የማያውቀው እንስሳ ነው። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ይስማማል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በቅድሚያ እንስሳውን እንወቀው። በፈረንጆች አገር በየመኖሪያ ቤቱ አትክልት ውስጥ እየገባ የሚያስቸግረው፣ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው የዋላ ወገን፣ ከሰሜን አፍሪካ ጥቂት ስፍራዎች በቀር በአህጉራችን በተፈጥሮው አይገኝም። የእኛ ድኩላ ቀንዱ የማይረግፍ፣ በዘሩ ለበሬና ለፍየል የሚቀርብ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለና ጥምዝ ቀንድ ያለው ሲሆን ሴቷ ቀላ ያለችና ቀንድ አልባ ናት። በመንጋ አይሄድም፤ ቀን በጥሻ ተከልሎ ይውልና ሲመሽ ይወጣል፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን እንስሳ ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ስሙን ከአማርኛው ወስዶ «ዴኩላ» ብሎ መዘገበው። ሳይንስ እንኳ ስም የተበደረው ከጎረቤቶቹ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ዱርቤቴ የሚጓዝ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በበቆሎ፣ በጤፍና በዳጉሳ ማሳ፣ ከዚያም ቀጥ ቀጥ ብሎ በቆመ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። የጥንቱ አገር በቀል ዛፍ፣ ዋንዛውና ብሳናው፣ ወይራውና ጥዱ፣ ይበልጡን ተሰብስቦ የሚታየው በደብሮች ዙሪያና በወንዝ ዳር ነው። ድኩላም የሚሸሸገው በተረፈለት ጥሻ ነው። ዱሩ ሰፊ በነበረ ጊዜ በድኩላውና በጎመኑ መካከል የግማሽ ቀን መንገድ ሊኖር ይችል ነበር። ዛሬ በመካከላቸው ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ወይም አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እንግዲህ ድኩላው ወደ ጓሮ መጣ ከማለት ይልቅ ጓሮው ወደ ድኩላው ሄደ ማለቱ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ ይህን ብሎ ማቆም ለገበሬው ፍትሕን መንፈግ ይሆናል። ገበሬው ማሳውን ያሰፋው ዱርን ጠልቶ ሳይሆን መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ስለ ሄደበት ነው። እሸት ሲደርስ በማሳው ዳር ማማ ይሠራል። በማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚያመሸው፣ አልፎም የሚያድረው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። ቀን ከጦጣና ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከጃርትና ከድኩላ ጋር ሲሟገት የሰነበተ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ቢሄድ ያንቀላፋል፤ ባይሄድ ደግሞ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ የብዕር ሰዎች ስለ ድኩላው ዐይን ውበት ስንጽፍ ይህን ልጅ ከረሳነው የእርሱን እንቅልፍ በስንኝ ልንከፍለው የሞከርን ያህል ነው። ስንኝ ደግሞ እንቅልፍ አይተካም።

ከባህላችን መልስ የምንፈልግ ከሆነ ፈጥኖ የሚታወሰን የእንግዳ አቀባበላችን ነው። መሽቶበት ደጅ የመታን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ማሳደር በጎጃም ገጠር እንደ ግዴታ የሚቆጠር ነው። ታዲያ በሌሊት ወደ ጓሯችን የተጠጋው እንስሳስ እንግዳ አይደለምን? ሐሳቡ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን እንግዳ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል፤ ድኩላው ግን የሚሄድበት የለውም። ደግሞም እንግዳ አስተናጋጁን አምኖ ነው የሚገባው። እንስሳው ግን በእርግጥ አምኖን ነውን?

ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን ምሥክር በባሌ አለ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በተፈጥሮው አይገኝም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋነኛ መጠጊያው ነው። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙ አጋዘን ተገደለ፤ ከተረፉትም በዲንሾ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ተጠግተው ሰውን የለመዱ ነበሩ። ተመራማሪዎች እንደ ደረሱበት በዲንሾ አጋዘኑ ሌሊት ወደ ሰው ቤት ይቀርባል፤ ምክንያቱም ጅብ ሰው ካለበት ይርቃል። እንግዲህ ያቀረበው ፍቅር ሳይሆን ከሁለቱ ፍርሃቶች የቀለለው ነው። በሰው ጥላ ሥር የሚያድረው ሰውን ወድዶ ስላልሆነ ውለታም ምስጋናም ልንጠብቅበት አንችልም፤ ወዳጃችን ነው ብለን ራሳችንንም ማሞገስ አይገባንም።

ስለዚህ ከእንግድነት ይልቅ ለዚህ ኑሮ የሚስማማው ስም ጉርብትና ነው። ጎረቤትን መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉርብትና በመውደድ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ጎረቤት ድንበር አለው፤ አጥር አለው፤ ከብቱ ማሳ ሲገባ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የጠፋው ይገመታል፤ ካሣ ይቆረጣል። ጎረቤቱን የማይወድ ሰው እንኳ ድንበሩን አይገፋም። ድኩላው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ሊዋስ አይችልም፤ ዋሱ መሆን ያለበት በዱር መኖሩ የሚደሰተው ሕዝብ ሁሉ ነው።

ጃፓኖች በናራ ከተማ የገጠማቸው ይኸው ነው። ከ1,000 በላይ ዋላዎች በመናፈሻና በጎዳና የሚዘዋወሩባት ይህች ከተማ እንስሳቱን በጥንታዊ እምነቷ የአማልክት መልእክተኞች አድርጋ ስታከብር ኖራ በ1957 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የተፈጥሮ ቅርስነት ተመዝግበውላታል። ሰብላቸው የተበላባቸው የአካባቢው ገበሬዎች ግን በ1979 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩም በ1985 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲያልቅ እንስሳቱ በጥብቅ የሚጠበቁበት ስፍራና የገበሬው ማሳ የሚጠበቅበት ስፍራ ተለየ። ክብሩ የከተማው፣ ዕዳው የገበሬው ሆኖ መቀጠል አልቻለም።

በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጉ የገበሬውን እጅ ይዟል፤ መያዙም ተገቢ ነው፤ አለዚያ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ዱሩ ሁሉ የጥፋት በትር ያርፍበታል። ይሁንና እጅን የያዘ ማሳን ሊያስብ ግድ ይለዋል። በደብር ዳር የሚያርስ ሰው አጥሩን ሲያጠብቅ ቀበሌው ሁሉ በደቦ ሊወጣለት፣ የሌሊቱ ጥበቃ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ከመውደቅ በአዋቂዎች ተራ ሊደርስ፣ በጓሮና በጥሻ መካከልም ድኩላ የማይመርጠው አዝመራ ሊዘራ ይችላል። ለድኩላው ደግሞ የሚቆየው ዋና ድርሻው ፍርሃቱ ነው። ከእጃችን እያጎረስን ካለመድነው ውሻና ወጥመድ ባለበት መንደር ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

«ዱር ቤቴ» የሚለው ቃል የሁለቱም ነው ብለናል። አንድ ቤት ለሁለት ባለቤት የሚበቃው ወጪውም ለሁለት ሲከፈል ነው፤ የእንስሳውን ድርሻ ደግሞ የምንከፍልለት እኛ ነን። በማማው ላይ ያለው ልጅ ወርዶ የተኛ ዕለት፣ ድኩላውም ሳይገደል የነጋለት ዕለት፣ ስለ ውበቱ ለመጻፍ መብት ይኖረናል።