የሰማይ በር ባለቤቶች

አንድ ሰው በብዙ ሺህ ሰው ላይ የሚነግሠው ምን ይዞ ነው? ብዙ የታሪክ መጻሕፍት መልሱን በመሬት፣ በመስኖ ውኃ፣ በንግድና በተሻለ መሣሪያ ይፈልጉታል። አርኪዮሎጂስቱ ቻንግ ኳንግ-ቺ ግን የጥንቷን ቻይና አጥንትና ነሐስ ሲመረምሩ ኖረው የደረሱበት ሌላ ነው፤ የሻንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ከሁሉ በፊት የያዙት ወደ ሰማይ የሚያስገባውን በር ነው።

ቻንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በቤጂንግ ተወለዱ። አባታቸው ዣንግ ዎጁን የታይዋን ሰው ሲሆኑ፣ ሥነ ጽሑፍ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ አለበት ብለው የተከራከሩ ገጣሚ ነበሩ። ቤተሰቡ በ1946 ወደ ታይዋን ተሻገረ። በ1949 መንግሥት ተማሪዎችን እያፈሰ ሲያስር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩት ቻንግም ተያዙ፤ አንድ ዓመት ያህል ታሰሩ። በስተርጅና ባሳተሙት የልጅነት ትዝታ፣ ሰው እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ እንደያዛቸውና ወደ አንትሮፖሎጂ እንደገፋቸው ይተርካሉ። ሥልጣንን ከታች ሆነው ያዩ ሰው ነበሩ።

በ1950 ብሔራዊ ታይዋን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሊ ጂ ተማሪ ሆኑ። ሊ ጂ ከ1928 እስከ 1937 የተካሄደውን የአንያንግ ቁፋሮ የመሩ ናቸው። አንያንግ የሻንግ የመጨረሻ ዋና ከተማ የነበረችበት ቦታ ነው፤ ከዚያ የወጣው ብዙ ዕቃ በሳጥን ታሽጎ፣ ከጦርነቱ እየሸሸ ከአገር አገር ሲንከራተት ቆይቶ ታይዋን ደርሷል። ቻንግ በ1960 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በዬል አስተማሩ፤ በ1977 ወደ ሃርቫርድ ተመለሱ። ስለ ጥንታዊት ቻይና አርኪዮሎጂ በ1963 ያወጡት መጽሐፍ እስከ 1986 ድረስ በአራት እትም ታተመ። መጀመሪያ የቻይና ሥልጣኔ ከቢጫ ወንዝ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሌላው ተስፋፋ ብለው ነበር። በመጨረሻው እትም ይህን ትተው፣ በየአካባቢው የነበሩ ብዙ ባህሎች እየተገናኙ አንድ ዓለም ሠሩ አሉ። የራሱን ዝነኛ መጽሐፍ እንዲህ የሚያፈርስ ምሁር ብዙ አይገኝም።

የሥልጣን ጥያቄያቸው ግን የተፈተነው በአንያንግ አጥንቶች ላይ ነው። የኤሊ የሆድ ቅርፊት ወይም የበሬ የትከሻ አጥንት ተፍቆ ይለሰልሳል። በጀርባው በኩል ዘልቆ እንዳይበሳ ተጠንቅቀው ጥቃቅን ጉድጓዶች ያበጁበታል። ጥያቄ ይቀርባል፤ ጉድጓዱን በእሳት የጋለ ነገር ሲያስነኩት ፊቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን አንብቦ ፍቺውን የሚናገረው በአብዛኛው ንጉሡ ራሱ ነው። ከዚያ ጥያቄው፣ አንዳንዴም ውጤቱ፣ እዚያው አጥንቱ ላይ ይቀረጻል። ንጉሥ ዉ ዲንግ ጥርሱን ሲያመው ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ ሕመሙን ያመጣበት ከሞቱት አባቶቹ የትኛው እንደሆነ ነበር። ሚስቱ ፉ ሃዎ ልትወልድ ስትል ደግሞ መልካም የሚሆኑትን ቀናት ተናገረ። እርሷ ግን ከ31 ቀን በኋላ በሌላ ቀን ወለደች፤ ጽሑፉም መልካም እንዳልሆነና የተወለደችው ሴት እንደሆነች መዝግቦ ያበቃል።

ነሐሱም ያንኑ ያሳያል። ሻንግ በነሐስ አቀላለጥ የተካኑ ነበሩ፤ ገበሬያቸው ግን በአብዛኛው እንደ አያቶቹ በእንጨት፣ በድንጋይና በአጥንት ሲቆፍር ኖረ። ነሐሱ የሄደው ለጦር መሣሪያና ለሙታን አባቶች መብልና መጠጥ ለሚቀርብበት ዕቃ ነው። በ1976 ሳይዘረፍ የተገኘው የፉ ሃዎ መቃብር ብቻ 468 የነሐስ ዕቃ ነበረው፤ 16 ሰዎችም አብረዋት ተሠውተዋል። አንያንግ ላይ የተገኘው ትልቁ ባለ አራት እግር ድስት ከ830 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቻንግ በ1983 ባወጡት መጽሐፍ የተከራከሩት እንዲህ ነው፤ ድስቱን የያዘ አባቶችን ያበላል፤ አባቶችን ያበላ ምክራቸውን ይሰማል፤ ምክራቸውን የሰማ ይገዛል። በዕቃዎቹ ላይ የተቀረጹትንም እንስሳት፣ መናፍስትን የሚያነጋግረው አዋቂ ወደ እነርሱ ሲሻገር የሚያግዙት ናቸው አሏቸው።

ለዚህ የጠቀሱት አንድ የቆየ የቻይና ትረካ አለ። በትረካው መሠረት በአንድ ዘመን ሁሉም ሰው ከመናፍስት ጋር እንዳሻው ይገናኝ ነበር፤ በኋላ አንድ ንጉሥ ሰማይን ለአንዱ ሹም፣ ምድርን ለሌላው ሰጥቶ መገናኛውን ቆረጠ። ቻንግ በዚህ ውስጥ ያዩት የጋራ የነበረ በር በጥቂቶች እጅ ሲወድቅ ነው። ከዚህም አልፈው፣ ሜሶፖታሚያ ከተፈጥሮ ጋር የነበረውን ትስስር በቴክኖሎጂና በንግድ ሲበጥስ፣ ቻይናና የመካከለኛው አሜሪካ ማያዎች ሳይበጥሱት ሠለጠኑ፤ እንግዳው መንገድ ከሜሶፖታሚያ የተነሣው የምዕራቡ ነው እስከማለት ደረሱ።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የጥንቷ ቻይና ታሪክ ምሁር ዴቪድ ኪትሊ አጥንቶቹን ሲያነቡ ያገኙት ዛር የሰፈረበት ሰው ሳይሆን መዝገብ ቤት ነው፤ ቀኑ፣ የጠያቂው ስም፣ ጥያቄው በየተራው ተጽፏል፤ አባቶችም መሥዋዕት የሚቀበሉት በወረፋ ነው። ሌላው የቻይና ታሪክ ምሁር ማይክል ፑዌት ደግሞ ትረካው ከሻንግ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ፣ በራሱ ዘመን ክርክር ውስጥ የገባ ጽሑፍ እንደሆነ አሳዩ። ከትረካው ተነሥቶ ስለ ሻንግ መናገር በእርግጥ የቻንግ ደካማ ጎን ነው። ሆኖም አዋቂው ቢቀር ባለቤትነቱ አይቀርም፤ በር የሚጠበቀው በመዝገብም ነው። ሥርዓቱን ነገሥታቱ ሕዝብ ለማታለል ፈጠሩት የሚለው ቀላል ፍቺም ከጥርስ ሕመሙ ጋር አይሄድም፤ ሌሊት ጥርሱን ይዞ የሚያቃስት ሰው ራሱን ለማታለል አጥንት አይጠብስም። በሩን የያዘው ሰው እርሱም ከበሩ ፊት ቆሞ የሚጠይቅ ነበር።

ቻንግ በመጨረሻዎቹ ዓመታቸው የፓርኪንሰን በሽታ እያንቀጠቀጣቸው፣ ሻንግ ከመንገሣቸው በፊት የነበሩባትን ከተማ ፍለጋ በሄናን ግዛት ሻንግቺዩ የሚሠራ የጋራ ቡድን መሩ። ቢጫ ወንዝ እየጎረፈ ያለበሰው ደለል ጥልቅ ስለነበር መሬቱን በረጅም መሰርሰሪያ ነበር የሚፈትሹት። ከሥሩ የወጣው የሶንግ ከተማ ግንብ ነው፤ ሶንግ ሻንግ ከወደቀ በኋላ ዘሮቹ ለአባቶቻቸው መሥዋዕት ማቅረብ እንዲቀጥሉ የተተከለች ግዛት ነበረች። ቻንግ በጥር 2001 አረፉ። የፈለጓት የሻንግ ከተማ አልተገኘችም።