ከየት ተነስቶ?

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። «ዜሮ ያሳለፉ» ተባሉ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ፍርድ መሆን ይችላል ወይ?

እስቲ ሁለት ትምህርት ቤቶችን እናስብ። አንዱ ጎበዞቹን በመግቢያ ፈተና መርጦ ይቀበላል፤ 80 ይዘው ገብተው 80 ይዘው ይወጣሉ። ሌላው በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ይቀበላል፤ በ20 የገቡትን ልጆች 45 ያደርሳል። የመጀመሪያው ይሸለማል፣ ሁለተኛው ዜሮ ነው። 80 ላይ ማቆየትም ሥራ ነው ካላችሁኝ እስማማለሁ። ሁለተኛውን ምንም ካልሠራ ትምህርት ቤት ጋር አንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ግፍ ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተማሪውን ውጤት ከራሱ ካለፈው ውጤት ጋር እያስተያየች ትምህርት ቤቶቿን ትመዝናለች። እኛ ጋ ይህን ለማድረግ መጀመሪያ መነሻ ያስፈልጋል። 8ኛ ክፍልን የሚፈትነው ክልሉ ነው፣ 12ኛን ፌዴራል መንግሥቱ፤ በመሃል የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ልጁን ሲገባ በአንድ ሜትር፣ ሲወጣ በሌላ ሜትር ለክተን «ይህን ያህል አደገ» ማለት አንችልም።

እሺ፣ መነሻው ተገኘ እንበል። ያኔም የሚከነክነኝ ነገር አለ። 45 ያመጣው ልጅ «ከ20 ተነስቼ እኮ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ሪሜዲያል ቢደርሰው እንኳ ያልተማረው ፊዚክስ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ደግሞ «እድገት» የሚለው ቃል በቀላሉ ትራስ ይሆናል፤ «ለገጠር ልጅ ይሄም ትልቅ ነገር ነው» እያልን እንተኛበታለን። እሱ አዘኔታ የለበሰ ንቀት ነው።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ለሁለት ጥያቄ መልስ አይሁን። ትምህርት ቤቱን ስንዳኝ ከየት ተነስቶ እንበል። ልጁን ግን የት እንደደረሰ ሳናባብል እንንገረው።

የቀረችው አምስት ነጥብስ? ትምህርት ቤቱ 25 ከፍሏል። ያቺ አምስት ልጁ 9ኛ ክፍል እስኪደርስ በቅጡ ማንበብ አለመቻሉን እያየን ዝም ያልነው የሁላችንም ዕዳ ናት። የትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ግን የእኛ ስም አይወጣም።